ፊደሉን የማልለየው ጋዜጣ፦ የ«አፕል ዴይሊ» የመጨረሻ እትም በአንድ የድሮ ጋዜጣ አዟሪ ዓይን

ዕቃው ጋዜጣ ነው። ስሙ አፕል ዴይሊ፤ የታተመበት ከተማ ሆንግ ኮንግ፤ ቀኑ በፈረንጆቹ ጁን 24 ቀን 2021፤ ዋጋው 10 የሆንግ ኮንግ ዶላር። ከዚህ እትም በኋላ ሌላ አልወጣም። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው። ቋንቋው ቻይንኛ ስለሆነ አንዲት ፊደል አላነብም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ማንም እንዳይታዘበኝ ነው።

ጋዜጣ መመዘን ግን አውቃለሁ። ከ1992 እስከ 1998 ዓ.ም. አራት ኪሎ ጋዜጣ አዟሪ ነበርኩ። ሌሊት አሥር ሰዓት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አጥር ሥር ተኮልኩለን ጥቅሉ እስኪወጣ እንጠብቃለን። ሲመጣ ወረቀቱ ገና ይሞቃል፣ ቀለሙ ጣት ላይ ይቀራል። የፊት ገጹን በእጅ ባትሪ አይተን ስንት እንደምንወስድ እዚያው እንወስናለን። ርዕሱ ደካማ ከሆነ ሃያ፣ ጠንካራ ከሆነ መቶ። የተሳሳተ ሰው ተመላሹን ታቅፎ ያድራል። ቀን ላይ ደግሞ ኪራይ አለ፤ መግዛት ያቃተው ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ማስታወቂያ የሚያይ ሥራ ፈላጊ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በሃምሳ ሳንቲም አንብቦ ይመልሳል። አንድ ጋዜጣ አሥራ አምስት እጅ ዞሮ እጥፋቱ ካልተቀደደ ወረቀቱ ደህና ነው። አንባቢው ሦስተኛ ገጽ ደርሶ እንደገና ወደ ፊት ገጹ ከተመለሰ ጽሑፉ ደህና ነው። ዛሬም የምፈርደው በዚያው ዓይን ነው።

አሁን መርካቶ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ስክሪን፣ ባትሪ፣ የቻርጀር ሶኬት እሸጣለሁ። ዕቃ ለማምጣት ሆንግ ኮንግ እመላለሳለሁ። የማርፈው እንደ ብዙው አፍሪካዊ ነጋዴ ናታን ሮድ ላይ ቹንኪንግ ማንሽንስ ከሚባለው ባለ 17 ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የፓኪስታን ሻይ፣ የናይጄሪያ ሾርባ፣ የህንድ ምንዛሪ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር። ዕቃ የምገዛው ግን ሻም ሹይ ፖ ሠፈር፣ አፕሊዩ ጎዳና ላይ፣ ከአንዲት በዕድሜ ከምትበልጠኝ የጅምላ ነጋዴ ነው። ስሟን አልጽፍም። እኔ «እትዬ» ነው የምላት። ለታላቅ እህት የሚባል የአክብሮት ቃል መሆኑን ስነግራት ደስ ብሏት ነበር። የምንግባባው በካልኩሌተርና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ከዚህ በታች ጋዜጣው «ይላል» የምለው ሁሉ እሷ ያነበበችልኝ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት የመጨረሻውን እትም አይደለም። ኦክቶበር 2019 ላይ ለዕቃ ሄጄ ከተማዋ መንግሥትን በሚቃወም ሰልፍ ተሞልታ ነበር። እሑድ ኦክቶበር 20 ሰልፉ በቹንኪንግ ማንሽንስ ደጅ አለፈ። የሕንፃው ሰዎች፣ ህንዱም ፓኪስታኑም አፍሪካዊውም፣ በሩ ላይ ቆመው ለሰልፈኛው ውሃ ሲያድሉ አየሁ፤ ሰልፈኛው ስማቸውን እየጠራ ያመሰግናቸው ነበር። እኔም ሁለት ካርቶን ተሸክሜ አቀበልኩ። የዚያኑ ቀን የፖሊስ ውሃ መርጫ መኪና እዚያው ናታን ሮድ ላይ ያለውን የካውሉን መስጊድ በር በሰማያዊ ቀለም አለበሰው። ማታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ደረጃውን ሲያጥብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋዜጣ ፈለግኩ። መንገድ ዳር አንዲት አሮጊት ትንሽ መደብ ዘርግታ ትሸጣለች። የሁሉንም ጋዜጣ ክምር ከፍታ በዓይኔ ለካሁ፤ አዟሪ የነበረ ሰው ይህን ሳያደርግ አያልፍም። ዝቅ ያለውን ክምር ጠቆምኳት፤ አፕል ዴይሊ ነበር። 10 ዶላር፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ወደ 37 ብር። አጥፋ ስትሰጠኝ ላዩ ላይ ትንሽ ሶፍት ጨመረችልኝ። ምራቂ ነው። ለጋዜጣ ምራቂ ሲሰጥ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ይህችን ነገር አራት ኪሎ ብናውቅባት ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ከኛዎቹ ግን ጠንከር ይላል፤ በእጥፋቱ ላይ ቀለሙ አይሸሽም። ሕትመቱ በሙሉ በቀለም ነው። ዋናው ጥንካሬው ፎቶው ነው። የፊት ገጹ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ፣ አንድ ትልቅ ርዕስ፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ምን እንደተፈጠረ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደተቆጣ ይገባዋል። እትዬ እንደነገረችኝ በ1995 ሲጀመር ሌሎቹ ጋዜጦች ደረቅና ድፍን ነበሩ፤ ይህኛው በቀለምና በሠፈር አነጋገር መጣ፣ ዋጋውንም ሰበረ። የዋጋ ጦርነት ተነሥቶ አቅም ያነሳቸው ጋዜጦች በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጉ። እንግዲህ ገበያ ላይ ሲመጣ በግ ሆኖ አልመጣም።

ጉድለትም ነበረበት፣ ልደብቀው አልፈልግም። የታዋቂ ሰው መኝታ ቤት ድረስ የሚያሳድድ ፎቶ አንሺ፣ ለልጅ የማይነበብ ዓምድ፣ የሐሜት ገጽ፤ ይህ ሁሉ ነበረው። በ1998 ሚስቱና ልጆቹ ስለሞቱበት አንድ ሰው ዘገባ ሲሠራ ለሰውየው ገንዘብ ከፍሎ የሚያሳፍር ፎቶ አነሣ። ሕዝቡ ተቆጣ። ጋዜጣውም የፊት ገጹን ሙሉ ይቅርታ አድርጎ አወጣ። እኔ ያን ዓይነት ገጽ እናቴ ቤት ይዤ አልገባም ነበር። ግን የፊት ገጹን ሙሉ ለይቅርታ የሚሰጥ አሳታሚ አዟሪ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ አንድም አላየሁም።

አሳታሚው ጂሚ ላይ ይባላል። የሰውየውን ታሪክ ሳላውቅ ጋዜጣውን ልመዝን አልችልም ነበር፣ ምክንያቱም አንዱ ከሌላው አይለይም። በልጅነቱ ጓንግዙ ባቡር ጣቢያ የመንገደኛ ሻንጣ ይሸከም ነበር። አንድ ቀን ከሆንግ ኮንግ የመጣ መንገደኛ ከሂሳቡ ሌላ ቸኮሌት ሰጠው። ርቦት ነበርና እዚያው ቀመሰው። እንዲህ ያለ ነገር የሚበላበት አገር ገነት መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ ይህን ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሮታል። በ12 ዓመቱ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ተሻገረ፣ ጓንት ፋብሪካም ገባ። በ1981 ጆርዳኖ የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋመ። ዱባይ የሠራ ሐበሻ ሱቁን ያውቀዋል፤ ስንቱ እህታችን ለወንድሟ ቲሸርት የላከችው ከዚያ ነው።

በ1989 ቤጂንግ ላይ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ እነሱን የሚደግፍ ቲሸርት አሳትሞ ሸጠ። ወታደር ሰልፈኞቹን ከገደለ በኋላ የልብስ ነጋዴው አሳታሚ ሆነ፤ በ1990 መጽሔት፣ ጁን 20 ቀን 1995 ደግሞ ይህ ጋዜጣ። በመሐሉ፣ በ1994፣ የቻይናን ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ፔንግን በጽሑፍ ሰደበ። ዋናው ቻይና ውስጥ ያሉት የልብስ ሱቆቹ መከራ ሲያዩ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ነጋዴ ነኝና ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል፤ በገዛ እጅ ያቆሙትን ሱቅ ለአንድ ጽሑፍ ሲሉ መልቀቅ ነው።

ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የወሰደው። ሔዋን ፍሬውን ባትቀምስ ኖሮ ክፉና ደግ አይኖርም፣ ክፉና ደግ ከሌለ ደግሞ ዜና አይኖርም ነበር የሚል ሐሳብ ነው። እትዬ ይህን ስትነግረኝ በእኛ ዘንድ ፍሬዋ ፖም ሳትሆን በለስ ናት አልኳት። ዕፀ በለስ። «ታዲያ እናንተ ብታሳትሙት ‹በለስ› ይባል ነበር» አለችኝ። በለስ ቀናው የሚለውን የእኛን አነጋገር ላስረዳት ብዬ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ።

መገንጠልንና ከውጭ ኃይሎች ጋር መመሳጠርን የመሰለውን በከባድ እስር የሚቀጣው፣ ብሔራዊ የደህንነት ሕግ የተባለው፣ ጁን 30 ቀን 2020 ለሆንግ ኮንግ ከቤጂንግ ወጣ። በስድስተኛው ሳምንት፣ ኦገስት 10፣ ወደ 200 የሚሆኑ ፖሊሶች ዝግጅት ክፍሉን ፈተሹ፤ አሳታሚውን እጁን በካቴና አስረው በገዛ ጋዜጠኞቹ ጠረጴዛዎች መካከል አሳለፉት። እኔ በኮቪድ ምክንያት አዲስ አበባ ነበርኩ። እትዬ ስልኬ ላይ ፎቶ ላከችልኝ፤ ሞንግ ኮክ ሠፈር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ለጋዜጣ የተሰለፈ ሰው። በሌላ ጊዜ በቀን መቶ ሺህ የማይሞላ ኮፒ የሚታተመው ጋዜጣ ያን ቀን ከ500 ሺህ በላይ ታተመ። ምግብ ቤቶች በክምር እየገዙ ለመንገደኛ በነፃ አደሉ። የድርጅቱ አክሲዮን በሁለት ቀን ውስጥ ከ10 እጥፍ በላይ ዋጋ አወጣ፤ ብዙ ሰው የገዛው አትርፎበት ሊሸጠው ሳይሆን ከጎኑ መቆሙን በገንዘቡ ሊናገር ነበር። ፎቶውን ለሚስቴ አሳየኋት። «ዳቦ ነው የተሰለፉት?» አለችኝ።

ጋዜጣውን ግን የገዢ እጦት አልገደለውም፤ የድሮ አዟሪ ሆኜ ከሁሉም በላይ የምናደደው በዚህ ነው። ጁን 17 ቀን 2021 ላይ 500 ፖሊሶች ተመልሰው መጡ። አምስት የሥራ ኃላፊዎች ታሰሩ፣ የድርጅቱ 18 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ታገደ። ፍርድ ቤት ገና አልፈረደም። ማተሚያው ይሠራል፣ ወረቀት አለ፣ ጋዜጠኛው ወንበሩ ላይ ነው፣ አንባቢው ተሰልፏል፣ ግን ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል አልተቻለም። ያኔ ያነበብኩት አንድ ነገር እስከ ዛሬ አይወጣልኝም። ጋዜጣ ሻጮቹ፣ እንደዚያች አሮጊት ያሉት፣ የሸጡበትን ገንዘብ ለድርጅቱ ለማስገባት ባንክ ሄደው ሂሳቡ አልቀበልም አላቸው። ዕዳቸውን ሊከፍሉ ይዘው ሄደው ተመለሱ።

ስለ ራሴ ልናገር። በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከምርጫ 97 ግርግር በኋላ፣ እዚህ አዲስ አበባ አሳታሚዎችና አዘጋጆች ታሰሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ኪሎ መደቡ ባዶ ቀረ። ከታሰሩት አንዷ አሳታሚዋ ሰርካለም ፋሲል ነበረች፤ እርጉዝ ሆና ገብታ በእስር ላይ እያለች ወለደች። እኔ በዚያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ ሦስት መቶ የሚሆን ያልተሸጠ ጋዜጣ ነበረኝ። በዱቤ የወሰድኩት የሦስት ሳምንት ሂሳብም ነበረብኝ። የማን እንደሆነ አልጽፍም። ሂሳቡን የሚጠይቀኝ ሰው ሲጠፋ ያን ጊዜ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ጋዜጣው ቤቴ እንዳይገኝብኝ ፈርቼ በሁለት ጆንያ አድርጌ ለአንዲት ቅመም ነጋዴ በኪሎ ሸጥኩላት። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ተጠቀለለበት። በ1999 ዓ.ም. ሰዎቹ ሲፈቱ አሳታሚ ድርጅቶቹ ደግሞ ራሳቸው የገንዘብ ቅጣት እንደተፈረደባቸው ሰማሁ። እነሱ ያን ሁሉ ሲጠየቁ የእኔን ሂሳብ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ሄጄ አልከፈልኩም። የሆንግ ኮንግ ሻጮች ባንክ በር ላይ ገንዘብ ይዘው መቆማቸውን ያነበብኩ ቀን ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ወዳለው እትም። ያን ሌሊት አንድ ሚሊዮን ኮፒ ታትሟል፤ ከተማዋ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ሰው ነው ያላት። በሥራ ዘመኔ ትልቁን ጥቅል የወሰድኩ ቀን ሁለት መቶ ነበር፤ አንድ ሚሊዮንን በዓይነ ኅሊናዬ ልከምረው ሞክሬ አቃተኝ። የፊት ገጹ ፎቶ ከሕንፃው ላይ ወደ ታች የተነሣ ነው። አንድ የጋዜጣው ሰው የስልኩን መብራት አብርቶ ያውለበልባል፤ ታች በዝናቡ ውስጥ የቆመው ሕዝብ በራሱ ስልክ መብራት ይመልስለታል። የፊቱ ርዕስ እትዬ እንዳነበበችልኝ የሆንግ ኮንግ ሰዎች በዝናብ ውስጥ በሐዘን እንደተሰናበቱ ይናገራል፤ ከሥሩ «አፕልን እንደግፋለን» የሚል አለ። ስድብ የለበትም። በመጨረሻ ቀን የፈለጉትን ሁሉ መጻፍ ይችሉ ነበር፤ ገጹን ለአንባቢው ሰጡት። የፊት ገጽ አመራረጥ ከተባለ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ኮፒው የእትዬ ነው። ሻም ሹይ ፖ ተሰልፋ አምስት ገዝታ አራቱን አድላለች፣ አንዱን በፕላስቲክ ከትታ ሱቋ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ማርች 2024 ላይ ሆንግ ኮንግ ሌላ የደህንነት ሕግ አወጣች፤ አመፅ ቀስቃሽ የተባለ ጽሑፍ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መገኘት እስከ 3 ዓመት ያስቀጣል። በሚያዝያው ጉዞዬ ስክሪን ቆጥረን ከጨረስን በኋላ ፕላስቲኩን አወጣችና «አንተ ጋዜጣ ታውቃለህ፣ ውሰደው» አለችኝ። ሕጉ ይህን ጋዜጣ ይመለከት አይመለከት እሷም አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ጋዜጣ ቤት ውስጥ ሲያስፈራ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። በሻንጣዬ ከልብሶቼ መሐል አጥፌ አመጣሁት። ቦሌ እስክወርድ ድረስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

ከሽያጭ በኋላ ያለ አገልግሎት የሚባል ነገር አለ። ስክሪን ስሸጥ ደንበኛው በሦስተኛው ቀን መስመር ወጣበት ብሎ ቢመጣ ሱቄ ክፍት ሆኖ ያገኘኛል ወይ? ነጋዴ የሚታወቀው በዚህ ነው። ጂሚ ላይ የእንግሊዝ ዜግነት ነበረው፣ ገንዘብ ነበረው፣ በሌሎች አገሮችም ቤት ነበረው። የ2020ው ሕግ ከመውጣቱ በፊት ውጣ ያሉት ብዙ ነበሩ። አልወጣም። ከ2020 ዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ እስር ላይ ነው፤ ይህም በአመዛኙ ለብቻው በተቆለፈበት ክፍል ነው። ካቶሊክ ነው፤ በእስር ቤት የስቅለትን ሥዕል በቀለም እርሳስ ይሥላል።

ዋናው ክስ ዲሴምበር 18 ቀን 2023 ምዕራብ ካውሉን ፍርድ ቤት ተጀመረ። ሦስት ዳኞች ብቻ፣ ከሕዝብ የሚመረጥ የፈራጆች ሸንጎ (ጁሪ) ሳይኖር፤ ለዚህ ዓይነት ጉዳይ በመንግሥት ከተመደቡት ዳኞች መካከል። ክሱ ሦስት ነው፤ ሁለቱ ከውጭ ኃይሎች ጋር መመሳጠር፣ አንዱ አመፅ ቀስቃሽ ጽሑፍ ለማሳተም ማሴር። ለሦስተኛው ማስረጃ የቀረቡት 161 የጋዜጣው ጽሑፎች ናቸው። ይህን ቁጥር ስሰማ ወዲያው ያሰብኩት ስለ እትሞቹ ነው፤ እያንዳንዱ በ10 ዶላር ተሽጦ፣ ተነቦ፣ ምናልባት ዓሣ ተጠቅልሎበት የተረሳ ወረቀት ነው። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ አሜሪካና ሌሎች በቻይናና በሆንግ ኮንግ ላይ ማዕቀብ እንዲጥሉ ጠይቋል አለ። በ2019 ከአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ከማይክ ፔንስና ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከማይክ ፖምፔዮ ጋር ተገናኝቷል፤ ይህ እውነት ነው፣ በይፋም የተደረገ ነው። እሱ በበኩሉ ሕጉ ከወጣ በኋላ ማዕቀብ መጠየቁን እንዳቆመ ለ52 ቀናት በምስክርነት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተናገረ። መንግሥት ጉዳዩ ከፕሬስ ነፃነት ጋር አይገናኝም ይላል።

እኔ ሕግ አልተማርኩም። ግን ከሱ ጋር ተከሳሽ ሆነው የቆሙትን ተመልከቱ፤ ጋዜጣውን የሚያሳትመው ድርጅት፣ የማተሚያ ድርጅቱና የኢንተርኔቱ ድርጅት። ማተሚያ ቤቱ ራሱ ተከሷል። ስድስት የሥራ ባልደረቦቹ ቀደም ብለው ጥፋተኛ ነን ብለዋል፤ ከነሱም ሦስቱ መጥተው መሰከሩበት። በእነሱ አልፈርድም። በኔ ላይ የሆነውን ጽፌያለሁ፤ እኔ ማንም ሳያስረኝ ነው ሦስት መቶ ጋዜጣ በኪሎ የሸጥኩት።

ችሎቱ 156 ቀን ተሰማ። ዲሴምበር 15 ቀን 2025፣ በእኛ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በሦስቱም ክስ ጥፋተኛ ተባለ። ፍርዱ 855 ገጽ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 78 ነበር። ይህን የጻፍኩት ፍርዱ በተሰማ በሳምንቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ቅጣቱ ገና አልተነገረም ነበር፣ ሕጉ እስከ ዕድሜ ልክ ይፈቅዳል። ለእትዬ ስደውል ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። የባትሪ ዋጋ ጨምሯል አለችኝ። ከመዝጋቷ በፊት ግን «ያ ዕቃ ደህና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት።

እውነትም ደህና ነው። የጋዜጣ ወረቀት ፀሐይ ካገኘው በስድስት ወር ቢጫ ይሆናል፤ ይህ ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ሻይ መስሏል። እጥፋቱ አልተሰነጠቀም። ቀለሙ አልደበዘዘም። አሁን በሁለት መስታወት መካከል አድርጌ ሱቁ ውስጥ ከጥገና ጠረጴዛው በላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። የሚጠግኑት ልጆች መጀመሪያ የስልክ ማስታወቂያ መስሏቸው ነበር፤ በፎቶው ላይ ስልክ ያበራ ሰው ስላለ። አንዱ ምን ይላል ብሎኝ ነገርኩት። ሥራውን አቁሞ ቆየና «ዝናቡ ውስጥ የቆሙት ሠራተኞች ናቸው?» አለኝ። አይደሉም፣ ገዢዎች ናቸው አልኩት።

ዋጋ ለሚጠይቁኝ፦ አይሸጥም። አንድ ሰብሳቢ ነኝ ያለ ሰው ጥሩ ገንዘብ ጠርቶልኝ ነበር፣ መለስኩት። ማየት የሚፈልግ ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቁ ክፍት ነው፤ አጠገቡ አንድ ዱካ አስቀምጫለሁ፣ ተቀምጣችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የፊት ገጹን ርዕስ በቃሌ ስለያዝኩት እነግራችኋለሁ። ኪራይ የለውም።